ቲቢ ታምሜ ሳለሁ ጉልበቴን የቆጠቡልኝ ነገሮች

ይህን የምጽፈው ቲቢ ተገኝቶባችሁ መድኃኒት ለጀመራችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆች ላሏችሁና ኪሳችሁ ለሳሳባችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። መድኃኒቴን ጨርሻለሁ፤ አክታዬም ተመርምሮ ነጻ ነሽ ተብያለሁ። ሐኪሞቹ ስለ ኪኒኑ በደንብ ይነግሯችኋል። ስለ ቤቱ ግን የሚነግራችሁ የለም። ውሃውን ማን ይቀዳል? ባቄላው በምን ጉልበት ይበስላል? በውርጭ ሌሊት መስኮት ከፍቶ እንዴት ይተኛል? እኔ የምነግራችሁ ይህንን ነው።

ሳሉ የጀመረኝ መስቀል ሰሞን ነው። በዚያ ወቅት እዚህ ከተማ የማይስል ሰው ስለሌለ ማንም ልብ አላለውም። እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በማር አዘጋጀችልኝ። ጎረቤቴ ዝንጅብል አመጣችልኝ። ሳሉ ግን ጥቅምትንም ተሻገረ። ከዚያ ደግሞ ሜዳው በውርጭ ነጭ በሚሆንበት ሌሊት እኔን ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። ከግቢው ቧንቧ አንድ ጄሪካን ውሃ ይዤ ደጃፍ ስደርስ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን መሰብሰብ ነበረብኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም መክሳት ከተጨመረበት ደግሞ አንድ ቀን ሳታድሩ ሂዱና ተመርመሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው። ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም።

የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ የቀሩትን 4 ወራት ደግሞ ሁለት መድኃኒቶች ይዋጣሉ። በየቀኑ ነው፤ የኪኒኑ ብዛት የሚወሰነው በክብደታችሁ ነው። መድኃኒቱን የሰጠችኝ ሲስተር፣ እግዜር ይስጣት፣ የሚያስደነግጡትን ነገሮች አስቀድማ ነገረችኝ። «ሽንትሽ ሚሪንዳ ይመስላል፤ ደም መስሎሽ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። እውነትም እንደዚያ ሆነ። «ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለሱ ከበረታብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ እግርሽን ካቃጠለሽም ንገሪኝ» አለች። አንድ ሌላ ነገርም ጠየቀችኝ፤ ለእናቶች ትልቅ ነገር ስለሆነ ልንገራችሁ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስዱ ወይም ክንዳችሁ ላይ ያስቀበራችሁ ካላችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የእነሱን ኃይል ያዳክመዋል። ሌላ አማራጭ ይሰጧችኋል።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ባለቤቴ ዝም ብሎ ሱቅ ሄደ። ላስቲክ ገዝቶ መጣና የመኝታ ቤቱን መስኮት ዙሪያውን በሚስማር መታው። ለእኔ አስቦ ነው፤ ብርዱ ይገድላታል ብሎ። እኔም ደስ አለኝ። በቀጣዩ ቀጠሮ ይህንኑ ለሲስተሯ አጫወትኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። «እህቴ፣ ላስቲኩን ዛሬውኑ አንሱት» አለች። የቲቢ ተህዋስ የሚተላለፈው በአየር ነው። ሕመምተኛው ሲስል ይወጣና በተዘጋ ቤት ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። ነፋስ ይበትነዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል። የታሸገ ቤት ለእኔ ሞቀ ማለት ልጆቼ የእኔን ትንፋሽ ሳቡ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን እንደገና ማሰብ የጀመርነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው ቤቱን ማሞቁን ትቶ ሰውየውን ማሞቅ ሆነ። ባለቤቴ የመስኮቱን የላይኛውን መስታወት አወጣና በወንፊት ሽቦ ሸፈነው። አየሩ ከራሳችን በላይ ይገባል፣ ይወጣል፤ ፊት ላይ አይመታም። ከታች ያለውን ግን ደፈንን። ያረጀ የጂንስ ሱሪ አንድ እግር ቆርጬ፣ ጫፉን ሰፍቼ፣ ገለባ ጠቅጥቄ በበሩ ሥር አጋደምኩት። ሽርፍራፊ ጨርቅም ይሆናል። እግር የሚያቀዘቅዘው የበር ሥር ንፋስ በዚህ ብቻ ቆመ።

አልጋው ላይ ደግሞ የተማርኩት ነገር አለ። ሁላችንም ብርድ ሲመጣ ከላይ እንደርባለን። ከሥር የሚመጣውን ብርድ ግን እንረሳዋለን። ካርቶን ዘርግቼ፣ በላዩ አሮጌ ባና አነጠፍኩ፤ ፍራሹን ከዚያ በላይ አደረግኩ። ከላይ ያለውን ብርድ ልብስ እንኳ መቀነስ ቻልኩ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ ካልሲ ውስጥ ከትቼ እግሬ ሥር አደርጋለሁ። ውሃው እጅ የሚችለው ይሁን እንጂ የፈላ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይኮማተርና ያቃጥላችኋል። ላብ ስለሚያጠምቃችሁ ደረቅ ልብስ ራስጌ አስቀምጡ። በእርጥብ ልብስ ማደር ብርዱን እጥፍ ያደርገዋል።

በዚህ አገር በየዓመቱ የምንሰማው ሐዘን ስላለ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የከሰል ምድጃ ይዛችሁ አትተኙ። ጭስ የለውም ማለት አይገድልም ማለት አይደለም። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው፤ የታመመ ሳንባ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጎዳል።

ስለ ቁጠባ የነበረኝ አስተሳሰብ የተለወጠው ያን ሰሞን ነው። ድሮ ቁጠባ የምለው ብር ማትረፍን ነበር። አሥር ብር ለማትረፍ ገበያውን ከዳር እዳር እዞር ነበር። ታምሜ ግን ከብሩ ይልቅ ያነሰኝ ጉልበት ሆነ። ጠዋት የምነሳው ትንሽ አቅም ይዤ ነው፤ እሷን ረፋድ ላይ ከጨረስኳት ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እናት አያገኙም። ስለዚህ እቤት በእጃችን የምንሠራውን ነገር ሁሉ በዚህ መለካት ጀመርን፤ ከእኔ ላይ ስንት ትንፋሽ ያነሳልኛል? ርካሽ ሆኖ የሚያደክም ነገር ተውን።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ የገለባ ሳጥኑ ነው። ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ማንም ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚህ አልበስል ብለው የሚያስቸግሩን ለዚህ ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ ኩበት እየጨመሩ ግማሽ ቀን ጭስ መሳብ ለሳንባ ሕመምተኛ መርዝ ነው። ሳጥኑ ይህን አስቀረልኝ። ባለቤቴ ከሱቅ የተጣለ የጣውላ ሳጥን አመጣ። ወፍራም ካርቶን ወይም ትልቅ ቅርጫትም ይሆናል። ሥሩን አንድ ስንዝር ያህል በደረቅ የገብስ ገለባ ሞላነው። ድስቱን መሐል ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ገለባ ጠቀጠቅን፤ እጃችሁን ስታስገቡ ገለባው መልሶ እስኪገፋችሁ ድረስ ነው የሚጠቀጠቀው። ከዚያ ድስቱ ሲወጣ ጎድጓዳ ቅርጹ እንዳይፈርስ ውስጡን በአሮጌ አንሶላ አለበስነው። ላዩ ላይ የሚደፈን ወፍራም ትራስ ያስፈልገዋል። ሙቀት የሚያመልጠው በላይ ስለሆነ ትራሱ ላይ አትሰስቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባቄላውን ወይም ሽምብራውን ማታ ትዘፈዝፋላችሁ። ጠዋት ውሃውን ቀይራችሁ፣ ክዳኑ የሚገጥም ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ይንተክተክ። ከዚያ እየፈላ ሳለ ክዳኑን ሳትከፍቱ ወደ ሳጥኑ አስገቡት፤ ትራሱን ድፈኑበት። ሂዱና ተኙ። ከአራት አምስት ሰዓት በኋላ ታወጡታላችሁ። ድስቱ ወደ ሙሉ የተጠጋ ይሁን፤ ግማሽ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። መሐል ላይ እየከፈታችሁ አትዩት። ከመብላታችሁ በፊት እንደገና አንዴ አፍሉት። ሥጋ ያለበት ከሆነ ይህን ፈጽሞ አትዝለሉ። ቦሎቄ ደግሞ ወደ ሳጥን ከመግባቱ በፊት ያው ግማሽ ሰዓት በኃይል መፍላት አለበት፤ ጥሬው ሆድ ክፉኛ ያሳምማል። ንፍሮ፣ የክክ ወጥ፣ ሩዝ፣ አጥሚት ሁሉም ያምርበታል። ወተት ግን አታስገቡበት፤ ይበላሻል።

ማድቤት ውስጥ የቀየርነው ሌላው ነገር ቁመት ነው። የእኛ ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ማጎንበስ፣ መነሳት፣ እንደገና ማጎንበስ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ራሴን ተከታተልኩ። ትንፋሽ የሚቆርጠኝ ሥራው አልነበረም፤ መነሳትና መቀመጡ ነው። ባለቤቴ ከተረፈ ጣውላ ወገብ የሚደርስ ጠረጴዛና ከፍ ያለ በርጩማ ሠራልኝ። ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ቢላ ሁሉ ከበርጩማው ሳልነሳ እጄ በሚደርስበት ቦታ ተደረደሩ። ሽንኩርት የምከትፈው፣ ዕቃ የማጥበው ተቀምጬ ሆነ። ለእጅ መታጠቢያም ጄሪካን ላይ ትንሽ ቧንቧ ገጥመን ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባወራዎች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ ከዚህ ጀምሩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

እንጀራ መጋገሩን ግን ለታናሽ እህቴ ለቀቅኩ። ሁሉንም በዘዴ መወጣት አይቻልም። የጭስ ጉዳይ ሲሆን ዘዴ ከመፈለግ ሰው መለመን ይሻላል። በኋላ ትንሽ ብር ሲገኝ ከሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ የሚባለውን የምጣድ ምድጃ ገዛን። እሳቱ ዙሪያውን ስለሚታጠር ማገዶው በጣም ይቀንሳል። እሱን ቤት ውስጥ ለመሥራት አትልፉ፤ ልኩ ካልተጠበቀ ጭሱ ይመለሳል።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። አማቴ ከመንዝ ሊጠይቁኝ መጡ። የመጡት ከልባቸው ነው፤ ባና ተሸክመው ነው የደረሱት። ግን በማግሥቱ ሲኒዬን ለብቻ፣ ሳህኔን ለብቻ አስቀመጡ። ትንሹ ልጄ ከእኔ ሳህን ሊጎርስ ሲል እጁን ያዙት። ምንም አልተናገርኩም። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቲቢ ሲባል በእሳቸው ዘመን ሰው ከቤት ይወጣ ነበር፤ የሚያውቁት ያንን ነው።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ላይ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ሲስተሯ «እማማ፣ ቁጭ ይበሉ» ብላ አስረዳቻቸው። ቲቢ በሳህን፣ በሲኒ፣ በልብስ አይተላለፍም። መድኃኒት በትክክል ሲወሰድ በሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። እስከዚያ ለብቻ መተኛት፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈን፣ አክታን ክዳን ባለው ዕቃ ይዞ ሽንት ቤት መጣል፣ መስኮት መክፈት። በቃ። አማቴ መንገዱን ሁሉ ዝም አሉ። ማታ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። የገለባ ሳጥኑን ትራስ የሠሩልኝም እሳቸው ናቸው። የበግ ጠጉር አጥበው፣ አድርቀው፣ በጣታቸው እየበጠሱ አፍታትተው፣ በአሮጌ ነጠላ ሰፉት። ከገለባው ትራስ በጣም ይበልጣል። ቤተሰባችሁ ከሸሻችሁ አትጣሏቸው፤ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱ። ከእናንተ አፍ የማይሰሙትን ከነጭ ጋውን ይሰማሉ።

ልጆቹንም ያኔውኑ አስመረመርን። ይህ ግዴታ ነው። አብሯችሁ የሚኖር ሁሉ መታየት አለበት፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት። በሽታው ከሌለባቸው ለሕፃናቱ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ትልቋ ልጄ «እኔስ ለእማዬ ምን ላድርግ?» ስትል የግድግዳውን ካሌንደር ሰጠናት። ጠዋት ኪኒኔን ስውጥ ቆማ ታያለች፤ ከዚያ የዕለቱን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ታከብበዋለች። ካልከበበች ቁርስ አትቀምስም ነበር። መርሳት የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ። ለልጅም ጥሩ ነው፤ ፍርሃቱን የምታራግፍበት ሥራ አገኘች።

ሁለት ወር አካባቢ ሲደርስ ጤነኛ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሳሉ ይጠፋል፣ ምግብ ይስማማል፣ ፊት ይመለሳል። አደገኛው ጊዜ ይህ ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ተህዋሱ ግን አልሞተም፤ ተዳክሞ ተደብቋል። ያኔ ካቆማችሁት መድኃኒቱን ለምዶ ሊነሳ ይችላል፤ መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ደግሞ ሕክምናው የከበደ ነው። ጠበል የምትጠጡ ጠጡ፤ እኔም ጠጥቻለሁ። ኪኒኑን ግን ከጠበሉ ጋር ዋጡ። የንስሐ አባቴም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ጾሙንም እስክድን ፈቱልኝ፤ እናንተም ጠይቁ። ጠላና አረቄ ግን ለበዓልም ቢሆን ይቅር፤ መድኃኒቱ ጉበት ላይ ይበረታል።

ስለ ምግብ ብዙ ሰው «ሥጋ ብሉ» ይላል። ካገኛችሁ መልካም። እኛ በየቀኑ ሥጋ የምንበላበት አቅም አልነበረንም። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ በሶ፣ የአጃ አጥሚት በወተት፤ እኔ ክብደቴን የመለስኩት በእነዚህ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ብሉ። ለጎመን ደግሞ ማዳበሪያ ከረጢት ተጠቀምን። አፈርና የደረቀ ፍግ ደባልቀን ሞላነው። መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠጠር ደረደርን፤ ውሃው ወደ ሥር የሚወርደው በእሱ ነው። ጎኑን ቀደድ ቀደድ አድርገን ችግኝ ተከልንበት። ከረጢቱ በር ላይ ስለቆመ ሳላጎነብስ እቀጥፋለሁ፣ የዕቃ ማለቅለቂያውን ውሃም እዚያው እደፋዋለሁ። ጎመን ብርድ ይችላል። ቲማቲም አትሞክሩ፤ ውርጩ በአንድ ሌሊት ያነደዋል።

ያልሠራናቸውም አሉ። ሳሙና ቤት ውስጥ ስሩ ብለው የመከሩኝ ነበሩ። ኮስቲክ ሶዳው ውሃ ሲነካ የሚወጣው እንፋሎት ሳንባ ይለበልባል፤ ለጤነኛም አይመከርም። ግድግዳ መለሰን፣ ፍራሽ መበጠስ፣ አቧራ የሚያስነሳ ነገር ሁሉ እስክትድኑ ይቅር። ገንዘብ የማይቆጠብባቸው ነገሮችም አሉ። የጤና ጣቢያ ትራንስፖርት፣ እንቁላል፣ እንዲሁም ለአንድ ቀን የልብስ አጣቢ መክፈል። እኔ የገለባ ሳጥኑ ያተረፈልኝን የማገዶ ብር ለልብስ አጣቢ ነበር የማውለው።

ስትጨርሱም ጉልበታችሁ ባንዴ አይመለስም። መድኃኒቱን ከጨረስኩ በኋላም ዳገት ሲሆን ትንፋሼ ያጥር ነበር። በርጩማውንም ሳጥኑንም ለማንሳት አትቸኩሉ። ዛሬ የጀመራችሁ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በዚህ ሳምንት መስኮቱን ክፈቱና ልጆቹን አስመርምሩ። በሚቀጥለው በርጩማውንና ጠረጴዛውን አሠሩ። ገለባው ከተገኘ ሳጥኑ የአንድ ቀን ሥራ ነው። መድኃኒት በጨረሳችሁ ጊዜ የመጨረሻውን የአክታ ምርመራ ሳትሰጡ አትቅሩ፤ ድኛለሁ ብሎ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ውጤቱን በወረቀት ተቀብላችሁ ከካርዳችሁ ጋር አስቀምጡት። ወደፊት ሳል ቢመለስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።